ሲ-47ን በብረት ቀለም መቀባትና ማስረጀት፦ ከ1/72 ሞዴል ሥራ የተሰበሰበ ልምድ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፈ ሲ-47 የጭነት አውሮፕላን ነው። ለሞዴል ሠሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ገበያ ላይ ያሉት የሲ-47 ኪቶች (የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ክፍሎች) የጦር ሠራዊቱን አውሮፕላን ስለሚከተሉ በግራ ጎኑ ያለውን ሰፊ የጭነት በር መድፈንም መቀየርም አያስፈልግም። የሚቀየረው ቀለሙ ነው። የሣጥኑ ሥዕል ላይ ያለው የወታደር አረንጓዴ ቀርቶ ያልተቀባ አሉሚኒየም መምሰል አለበት፤ አስቸጋሪውም ይኸው ነው።

የብረት ቀለም ነውር አይሸፍንም። ክፍሎቹን በለብ ያለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ከፋብሪካው የቀረ ቅባት ካለ ቀለሙ አይዝም። መገጣጠሚያውን በስቱኮ ሙሉና ሲደርቅ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ800 እና በ1500 አድርጋችሁ እስከ 2000 ሂዱ። ከ800 ወዲያ ውሃ እያስነካችሁ ፈግፍጉ። ካሞፍላጅ ለምትቀቡት 800 ይበቃል፤ እዚህ ግን የ800 ጭረት ከብሩ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ላከር (ቶሎ የሚደርቅ በቲነር የሚቀጥን ቀለም) ይነፋል። አፉ 0.3 ሚሊሜትር የሆነ ኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚነፋ መሣሪያ)፣ ከ15 እስከ 18 ፒኤስአይ ግፊት፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ርቀት። የመጀመሪያው ዙር ስስ ይሁን፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው እርጥብ ሆኖ ይረፍ። ገጹ አቧራ የነካው ያህል ከሻከረ ቀለሙ አየር ላይ ሳለ ደርቋል ማለት ነው፦ ወይ ርቃችኋል፣ ወይ ግፊቱ በዝቷል። ጎርበጥ ጎርበጥ ካለ ወፍሯል፤ ቲነር ጨምሩ። ወደ ጎን እየሸሸ ጅማት ካወጣ ደግሞ ወይ ቀጥኗል፣ ወይ በጣም ተጠግታችኋል። ላከር በወረቀት ማስክ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ባለ ካርትሪጅ ጭንብልና የተከፈተ መስኮት የግድ ናቸው።

መድረቁን በጣት አትፈትኑ፤ አሻራ ይቀራል። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አሽትቱ፤ ቲነር ከሸተተ ገና ነው። አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ ደህና ነው፣ ሁለት ቀን ይሻላል።

አልክላድን የመሰሉ የብረት ላከሮች ቀጥነው ስለሚሸጡ ምንም አይጨመርባቸውም። ግፊቱን ወደ 12 ፒኤስአይ አውርዳችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ አሳልፉ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ጥቁሩ ጨርሶ እስኪጠፋ ይነፋል። ብርሃኑን የሚመልሰው ከሥር ያለው ጥቁር ነውና ሲደራረብበት የሞተ ግራጫ ይሆናል። መላው አካል አንድ ዓይነት ሲያበራም አሻንጉሊት ይመስላል። አካሉ ከተገጣጠመባቸው የብረት ሉሆች አንዳንዱን በማስኪንግ ቴፕ ከልላችሁ ትንሽ ጠቆር ባለ አሉሚኒየም ቀቡ፤ ልዩነቱ ሞዴሉን ስታዞሩት ብቻ እንዲታይ። ቴፑን መጀመሪያ መስታወት ላይ ለጥፋችሁ ብትነቅሉት ማጣበቂያው ይለዝባል፣ ቀለም ይዞ አይነሳም።

በክንፉና በጅራቱ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ መሪዎች፣ አይለሮኑ (የክንፉ)፣ ኤሌቬተሩ (የአግድም ጅራቱ) እና ረደሩ (የቋሚ ጅራቱ) ግን ብረት አይደሉም። በዚህ አውሮፕላን ላይ እነዚህ በጨርቅ የተሸፈኑና ብርማ ቀለም የተቀቡ ናቸው። የታሚያ ኤክስኤፍ-16 ዓይነት ደብዛዛ አሉሚኒየም ይበቃቸዋል። ይህችን ልዩነት ያልጠበቀ ሞዴል ከሩቅ ያስታውቃል።

ዲካል (ውሃ ውስጥ ተነክሮ የሚለጠፍ ምልክት) ለስላሳ ገጽ ይፈልጋል። ገጹ ሻካራ ከሆነ አየር ከሥር ይቀርና ዙሪያው ነጭ ጥላ ያወጣል። ከወጣ በቀጭን መርፌ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ማይክሮ ሶል (ዲካል ማለስለሻ ፈሳሽ) ጠብ አድርጉበት፤ ዲካሉ ሲጨማደድ አትደንግጡ፣ አትንኩትም፤ ሲደርቅ ራሱ ይተኛል። የመዝገብ ፊደሉንም ሆነ መስመሩን ከምትሠሩት ዓመት ፎቶ ጋር አመሳክሩ፤ አየር መንገዱ መልኩን በየጊዜው ቀይሯል።

ወደ ማስረጀቱ ስንመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ፈሳሽ የትኛውን ያሟሟል የሚለው ነው። በኢናሜል የተዘጋጀ ዎሽ (መስመሮች ውስጥ እንዲገባ ተቀብቶ ትርፉ የሚጠረግ ቀጭን ቀለም) በአኳራጅ ስለሚጠረግ ከሥሩ ያለው ላከር ወይም አክሪሊክ ቫርኒሽ መሆን አለበት፤ ኢናሜል በኢናሜል ላይ ከሆነ ስትጠርጉ ሁለቱም አብረው ይነሳሉ። አኳራጁ መገጣጠሚያ ውስጥ እንዲጠራቀም አትፍቀዱ፤ ተወጥሮ የተጣበቀ ፕላስቲክ ሊሰነጠቅ ይችላል። የዎሹ ቀለም ጥቁር ሳይሆን ቡኒ ያለበት ጥቁር ግራጫ ይሁን። ሲጠረግ በክንፉ ላይ ከፊት ወደ ኋላ፣ በጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች።

ከዚያ ሂሳብ። በ1/72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ባነሰ ሞዴል፣ አንድ ሚሊሜትር ማለት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ7 ሳንቲሜትር በላይ ነው። የተላጠ ቀለም ለማስመሰል በስፖንጅ የተረጨ «ትንሽ» ቅርፊት እጅ የሚያህል ልጥ ይሆናል ማለት ነው። ደግሞስ ምን ይላጣል? ያልተቀባ አሉሚኒየም የሚላጥ ቀለም የለውም። የሚላጠው ከአብራሪው መስኮት ፊት ያለው ነጸብራቅ መከላከያ ጥቁር ቀለምና የተቀቡት መስመሮች ናቸው። ረደሩ ላይ የብር ጭረት መሳል ደግሞ ስህተት ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ጨርቅ ነዋ!

የጭስ ማውጫው ጥላ አንድ ወጥ ጥቁር አይደለም። ዘጠኝ እጅ ቲነር አንድ እጅ ቡናማ ጥቁር አድርጋችሁ፣ በዝቅተኛ ግፊት፣ በናሴሉ (በሞተሩ ሽፋን) እና በክንፉ ላይ አየሩ በሚሄድበት መስመር ደጋግማችሁ አሳልፉ፤ መሐሉ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ጨምሩ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በስስ ድብልቅ ሲቃጠል የሚተወው ፈዛዛ ቅሪት ነው። የሞተሩ ዘይት ሁለት አቅጣጫ አለው፦ በበረራ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ ቆሞ ሳለ ወደ ታች ይንጠባጠባል። የዘይት ቀለም በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ነጥብ አድርጋችሁ አኳራጅ በነካ ጠፍጣፋ ብሩሽ ሳቡት።

አቧራው የመጨረሻው ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ማረፊያዎች አስፋልት አልነበራቸውም። ጎማና ፕሮፔለር የሚያነሳው አፈር የሚያርፈው በፍላፑ (ከክንፉ ኋላ ለማረፍ በሚወርደው ክፍል) ሥር፣ በናሴሉ ሆድና በአግድም ጅራቱ ታች ነው፤ የክንፉ ጀርባ ንጹሕ ይቆያል። ቀይ ቡኒ ፒግመንት (የቀለም ዱቄት) በደረቅ ብሩሽ ነካ ነካ አድርጉና አንድ ጠብታ አኳራጅ ከጠርዙ አስገቡ፤ ራሱ ይሰራጫል። ሲደርቅ ከነበረበት ይፈዛል፤ ስለዚህ ሳይደርቅ አትጨምሩ። በላዩ ቫርኒሽ አትንፉ፤ ፒግመንቱ ይጠፋል፣ ብረቱም ይደበዝዛል።