ሁለቱ ላቬርቴዞዎች

ከዙሪክ በሁለት መኪና ስምንት ሆነን በደቡብ ስዊዘርላንድ ወዳለው የቬርዛስካ ሸለቆ ስንሄድ መንገዱን የማጥናትና ስለ ቦታው አጭር ጽሑፍ የማዘጋጀት ኃላፊነት የእኔ ነበር። ባለ ሁለት ቅስቱ የድንጋይ ድልድይ ላቬርቴዞ እንደሚገኝ አንብቤ ስለነበር «ላቬርቴዞ ማዘጋጃ ቤት እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩ። የጎታርድን ዋሻ አልፈን ደረስን። የባቡር ሐዲድ፣ መጋዘን፣ ለጥ ያለ ሜዳ። የሁላችን ታላቅ የሆኑት ጋሼ ከመኪና ወርደው ዙሪያውን ቃኙና «ልጄ፣ ወንዙስ?» አሉኝ።

ጥፋቱ ከአሮጌ የኑሮ ዘዴ ጋር የተያያዘ ነው። የሸለቆው ሰዎች ደጋና ቆላ እያፈራረቁ ይኖሩ ነበር፤ ብርዱ ሲበረታ ከብቶቻቸውን ነድተው የወይን ተክልና እርሻ ወዳላቸው ወደ ማጋዲኖ ሜዳ ይወርዳሉ። ስለዚህ ላቬርቴዞ አንዱ ክፍሉ ተራራ፣ ሌላው ሜዳ ላይ የሆነ አንድ ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2020 የሸለቆው ማዘጋጃ ቤቶች ተዋሕደው «ቬርዛስካ» ሲባሉ ድልድዩ ያለበት መንደር ወደ አዲሱ ገባ፤ ሜዳው ግን የድሮውን ስም ይዞ ቀረ። እኔ የተከተልኩት ስሙን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ወረቀቴን በሙሉ ተጠራጠርኩት። በሸለቆው ያለችውን ኮሪፖን «በነዋሪ ቁጥር የስዊዘርላንድ ትንሹ ማዘጋጃ ቤት» ብዬዋለሁ፤ እስከ ውሕደቱ ድረስ እውነት ነበር፣ አሁን ግን ከአዲሱ ማዘጋጃ ቤት መንደሮች አንዷ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ 300 ገደማ ነዋሪ ነበራት፣ በመጨረሻ ግን ከደርዘን ብዙም አልበለጠም። ከባዶዎቹ ቤቶች የተወሰኑት ዛሬ የአንድ ሆቴል ክፍሎች ናቸው፤ እንግዳው ቁልፉን ይዞ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ መኝታው ይወጣል። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያውም ድንጋይ ነው፤ ጠፍጣፋ ጥቁር ግራጫ ሰሌዳ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል። በእጄ ዳበስኩት፣ ፀሐዩን ጠጥቶ ሞቆ ነበር።

«የሮማውያን ድልድይ» የሚለውንም ሰረዝኩ። ሕዝቡ እንዲያ ይጥራው እንጂ ሮማውያን አልሠሩትም። አሁን ከእያንዳንዱ የነዋሪ ቁጥር አጠገብ ዓመቱንና የየትኛው ወሰን እንደሆነ እጽፋለሁ፤ ወንዙ፣ ሸለቆውና ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ስም ስላላቸው ካልለዩዋቸው ያምታታሉ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ከሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከመካከላችን አንዱ እግሩን ነክሮ ወዲያው ጮኾ አወጣው። ጋሼ ቅስቱ ጫፍ ላይ ቆመው እርሳሴን ጠየቁኝ።

«ይኸኛው የማን ነው አልከኝ?»

«የቬርዛስካ።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው «ላቬርቴዞ» ከሚለው ጎን በትልልቁ «የላይኛው» ብለው ጻፉበት።