የሃምሳ አለቃ ዌልስ ሰዎች

ሰሞኑን «ዶግ ሶልጀርስ»ን እንደገና አየሁት። ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ማን መቼ እንደሚሞት፣ የትኛው መስኮት መቼ እንደሚሰበር አይጠፋኝም። እንዲያም ሆኖ ሃምሳ አለቃ ዌልስ ጫካው ውስጥ ሆዱን ይዞ ሲወድቅ ልቤ አሁንም ድንግጥ ይላል። በዚህ ዕድሜዬ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ የተኩላ ፊልም ለምን እንዲህ እንደሚይዘኝ ለራሴ ጽፌ ላስቀምጥ ብዬ ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የእንግሊዞች ሥራ ነው። የጻፈውም፣ ያዘጋጀውም፣ የምስል ቅንብሩን የሠራውም ኒል ማርሻል ሲሆን በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሙ ነበር። ታሪኩ በጣም ቀላል ነው። ስድስት ወታደሮች ለልምምድ ወደ ስኮትላንድ ደጋማ ጫካ በሄሊኮፕተር ይወሰዳሉ። በልምምዱ ላይ ተቃራኒያቸው የሆነውን የልዩ ኃይል ቡድን ሰፈር ግን በደም ተጨማልቆ ያገኙታል፤ ከዚያ የተረፈው የቆሰለው ሻምበል ራያን ብቻ ነው። የገደሏቸው ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ወደ ተኩላነት የሚለወጡ ሰዎች ናቸው። ሜጋን የምትባል ሴት ሲሸሹ አግኝታ በመኪናዋ ትጭናቸውና ለብቻው ወደቆመ የገበሬ ቤት ትወስዳቸዋለች። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ከበባ ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ሊጽፈው ይችል ነበር። ማርሻል የጻፋቸውን ሰዎች ግን ብዙ ሰው አይጽፋቸውም።

አስፈሪ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ለአውሬው መኖ የሚሆኑ ሰዎችን ያቀርቡልናል። ስማቸውን ሳንይዝ ይሞታሉ፤ እኛም ቀጣዩ ማን ነው እያልን እንቆጥራለን። እዚህ ግን ተኩላው ከመምጣቱ በፊት ወታደሮቹ ይራመዳሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ። ትልቁ ቅሬታቸው የእንግሊዝና የጀርመን የእግር ኳስ ጨዋታ እያመለጣቸው መሆኑ ነው። የያዙት ጥይት ለልምምድ የሚሆን ባዶ ጥይት ነው። ወሬያቸው የጀግና ወሬ ሳይሆን ለዓመታት አብረው የበሉ፣ አብረው የዘመቱ፣ አንዱ የሌላውን አመል ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ወሬ ነው። ማንም ተነስቶ «እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ» ብሎ አይነግረንም። ከስድቡ መሀል ማን ማንን እንደሚወድ እንሰማለን።

ሲመሽ እሳት አንድደው ይቀመጣሉ። ሃምሳ አለቃው በባሕረ ሰላጤው ጦርነት አብሮት ስለነበረ አንድ ወታደር ያወጋቸዋል። ሰውዬው ገላው ላይ የሰይጣን ምስል ተነቅሶ ነበር፤ ፈንጂ ረግጦ ሲበጣጠስ ከገላው ምንም ሳይሆን የተረፈው ያ ንቅሳት ብቻ ነው። ዌልስን የሚጫወተው ሾን ፐርትዊ ይህን ሲናገር ድምፁን አያሳምርም፣ ለማስፈራራትም አይሞክርም። ከዓይኑ እንደምናየው ነገሩ ዛሬም ድረስ ያልለቀቀው ትዝታ ነው። ወጣቶቹ መጀመሪያ ፈገግ እያሉ ያዳምጣሉ፣ ቀስ በቀስ ፈገግታቸው ይጠፋል። ተኩላ የለም፣ ሙዚቃው አይጮህም፣ ካሜራው ፊታቸው ላይ ነው። ለእኔ የፊልሙ መሠረት የተጣለው እዚህ ላይ ነው። ሰዎቹ እሳቱ ዙሪያ እንደተቀመጡ የተዘነጠለ ላም ከላይ መጥቶ መሀላቸው ሲወድቅ አብሬያቸው ብድግ የምለው እኔም እዚያው አብሬያቸው ተቀምጬ ስለነበር ነው።

ከዚያም ቀደም ብሎ የሚመጣው የውሻው ነገር አለ። ኬቨን ማኪድ የሚጫወተው፣ ከስድስቱ ወታደሮች አንዱ የሆነው ኩፐር የልዩ ኃይሉን ፈተና ሊያልፍ ተቃርቦ ሳለ፣ ሻምበል ራያን ውሻ ያመጣና ተኩሰህ ግደል ይለዋል። ኩፐር ያለ ምክንያት ውሻ አልገድልም ይላል። ራያን ራሱ ይገድለዋል፤ ኩፐርም ፈተናውን ይወድቃል። ራያንን የሚጫወተው የሊያም ከኒንግሃም ፊት በዚያች ቅጽበት እንደ ድንጋይ ነው። ማርሻል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱን ሰዎች አስቀምጦልናል። አንደኛው ትእዛዝን ከሕሊናው ጋር ያመዛዝናል። ለሌላው ግን ሕሊና የሚባለው ነገር ለሥራው እንቅፋት ነው። በኋላ ራያን እነ ዌልስን ሳያውቁ ለተኩላዎቹ ማጥመጃ እንዳደረጋቸው፣ ዓላማውም አንዱን ተኩላ በሕይወት መያዝ እንደነበር ስንሰማ አንገረምም፤ ውሻውን የገደለው ሰው ነውና። የገበሬው ቤት ውሻ እስከ መጨረሻው ከኩፐር ጋር መሆኑን ደግሞ ማርሻል በንግግር አላስረዳንም። አስቦ ያደረገው እንደሆነ ግን አልጠራጠርም።

ስለ ተኩላዎቹ ደግሞ እንዲህ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የጆን ላንዲስ «አን አሜሪካን ዌርዎልፍ ኢን ለንደን» ሰው ወደ ተኩላ ሲለወጥ በደማቅ ብርሃን አሳይቶ ነበር፤ ሪክ ቤከርም ለሜካፕ መደበኛ ኦስካር ሲሰጥ የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተኩላ ፊልም የሚሠራ ሁሉ በዚያ ትዕይንት ይለካል። ማርሻል ውድድሩ ውስጥ አልገባም። ለውጡን ከሞላ ጎደል አያሳየንም። በወቅቱ እየተስፋፋ የነበረውን የኮምፒውተር ምስልም ለተኩላዎቹ አልተጠቀመም። የልዩ ሜካፕ ባለሙያው የቦብ ኪን ቡድን አልባሳቱንና ጭንቅላቱን በእጅ ሠራ፤ ዳንሰኞች እግራቸው ላይ ማስረዘሚያ ተገጥሞላቸው ለበሱት። ውጤቱ ወገቡ ቀጭን፣ ቁመቱ ኮርኒስ የሚነካ፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የሚቆም ፍጡር ነው። በሩን አጎንብሶ ሲገባ ክፍሉ ይጠብባል። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ በእርግጥ የቆመ፣ ጥላው ግድግዳው ላይ የሚያርፍ፣ ወታደሩ እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ነገር ነው። በዚያው ዘመን በኮምፒውተር የተሠሩ ስንት አውሬዎች ዛሬ ሲታዩ ያሳፍራሉ። እነዚህ አላረጁም።

ጭንቅላቶቹ አንዳንድ ጊዜ ደርቀው የሚታዩበት ቦታ እንዳለ አልክድም። ማርሻልም ያወቀው ይመስለኛል፤ ረጅም ጊዜ አያቆያቸውም። ጥርስ፣ ጥፍር፣ በጭጋግ ውስጥ የሚያልፍ ትከሻ፣ ከዚያ ወደ ሰው ፊት ይመለሳል። ያደገው በቅንብር ሥራ ውስጥ ስለሆነ መቼ እንደሚቆርጥ ያውቃል። ሥራው የሚጎዳው ቅንብሩ ከልክ በላይ ሲፈጥን ነው፤ በጫካው የመጀመሪያ ሽሽት ማን የት እንዳለ ይጠፋናል። ግርግሩን እንድንቀምሰው ፈልጎ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

አሁን ወደምወደው ትዕይንት ልምጣ። ዌልስ ሆዱ ተዘርግፎ ወደ ቤቱ ይገባል። ወደ ላይኛው ክፍል ያወጡትና አልጋ ላይ ያስተኙታል። ኩፐር የወጣውን አንጀት በእጁ ወደ ውስጥ ይመልሳል። ሐኪም የለም፣ መርፌና ክር የለም፤ ውስኪና ሱፐር ግሉ አለ። ቁስሉን በሱፐር ግሉ ይለጥፉታል። አንዳንድ ተመልካች ይህን ፈጠራ ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። ነገር ግን ሳያኖአክሪሌት የሚባለው ይህ ማጣበቂያ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የቆሰሉ ወታደሮችን ደም ለማቆም በቁስል ላይ ይረጭ ነበር፤ ዛሬም በሕክምና ቁስል የሚዘጋባቸው የዚሁ ቤተሰብ ማጣበቂያዎች አሉ። ማርሻል ከወታደር ዓለም የወሰደው ነገር ነው፤ ትዕይንቱ የሚያስጨንቀውም እውነት ስለሚሸት ነው።

ፐርትዊ እዚህ ላይ ያደረገው የሚደነቅ ነው። ሕመሙ ሲበረታበት ኩፐርን ምታኝና ራሴን ልሳት ብሎ ይለምነዋል። ኩፐር ያመነታል። አለቃውን፣ እንደ ታላቅ ወንድሙ የሚያየውን ሰው፣ በቡጢ መምታት አለበት። ይመታዋል፤ ዌልስ ግን ራሱን አይስትም፤ ይሰድበዋል፤ እንደገና ይመታዋል። ሰው በዚህ ትዕይንት ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ሳቁ ግን ከጭንቀት የሚመጣ ነው። ሁለት ወንዶች «እወድሃለሁ» ማለት ሲያቅታቸው የሚያደርጉት ነገር ነው። በፊልሙ ውስጥ እንደዚህች ደቂቃ በቀጥታ ስለ ፍቅር የሚናገር ሌላ የለም፤ በደም የተነከረ አልጋ ላይ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያምርበታል።

ስፑን የሚባለውን ወጣትም መዝለል አይሆንልኝም። ዳረን ሞርፊት በደስታ ነው የሚጫወተው። ሁሉም ሲርድ እሱ ዓይኑ ያበራል፤ መከበባቸውን ከሮርክስ ድሪፍት ጋር ያመሳስለዋል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ቆም እላለሁ። ሮርክስ ድሪፍት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥር 1879 መቶ ሃምሳ ገደማ የእንግሊዝ ወታደሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ዙሉዎችን የተከላከሉበት ቦታ ነው፤ እንግሊዞች እስከ ዛሬ ይመኩበታል። እኔ አፍሪካዊ ነኝና በዚያው ቀን፣ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዙሉዎች ኢሳንድልዋና ላይ የእንግሊዝን ጦር እንደደመሰሱ ሳላስታውስ አላልፍም። በዚህች ንጽጽር ተኩላዎቹ የዙሉዎችን ቦታ መያዛቸው ይከነክነኛል። ይህ የልጁን ሰውነት አያጎድልብኝም፤ ያደገበትን ተረት ነው የሚናገረው። በመጨረሻም ማእድ ቤት ውስጥ ከተኩላ ጋር በቢላዋ፣ በድስትና በባዶ እጁ ሲፋለም ያየሁት ሰው ልቤን ወስዶታል። ተኩላውን ለአፍታ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያቺ አፍታ ለስፑን ትበቃዋለች።

የማልወደው የሜጋንን መጨረሻ ነው። ኤማ ክሊዝቢ ጥሩ ትጫወታለች፤ ከኩፐር ጋር ያላት ዝምታ የተሞላበት መግባባት እየበሰለ ሲመጣ፣ የተጠለሉበት ቤት የተኩላዎቹ ቤት እንደሆነና እሷም ከነሱ አንዷ እንደሆነች በጥድፊያ ይነገረናል። ከእነሱ ጋር መኖር፣ ለመውጣት መመኘት፣ ከዚያ ተስፋ መቁረጥ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ሴት ትልቅ ታሪክ ነው። ለወንዶቹ እሳት ዙሪያ የተሰጠው ትዕግስት ለእሷም ቢሰጣት ኖሮ ፊልሙ ከዚህም በላይ ይሆን ነበር። እውነቱን ካወቅን በኋላ ግን ፊቷን እንደገና ማየት ሌላ ፊልም የማየት ያህል ነው፤ የምትሰጠው እያንዳንዱ መልስ፣ ወደ መስኮቱ የምትጥለው ዓይን ትርጉሙ ይለወጣል። ሰው ይህን ፊልም ደጋግሞ እንዲያይ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ደጋግሞ ማየት ትንንሽ ነገሮችንም ይሰጣል። ፊልሙ ሲጀምር ካምፕ የወጣች ሴት ለወዳጇ ከብር የተሠራ የደብዳቤ መክፈቻ ቢላዋ ስጦታ ትሰጠዋለች፤ ኩፐር በመጨረሻ ራያንን የሚወጋው በዚያው ነው። ወታደሮቹ የተነጫነጩበት ጨዋታም መልስ ያገኛል፤ በመዝጊያው ላይ የሚታየው ጋዜጣ እንግሊዝ ጀርመንን 5 ለ 1 እንዳሸነፈች ይዟል፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2001 ሙኒክ ላይ የሆነው ውጤት ነው። ስድስቱ ሰዎች ሊያዩት የፈለጉት ጨዋታ የዘመኑ ምርጥ ድል ሆኖ ሳለ ከመካከላቸው ውጤቱን ለመስማት የበቃው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ፊልሙ የተቀረጸው ሱፐር 16 በሚባለው ጠባብ የፊልም ጥቅል ሲሆን አብዛኛው ቀረጻ የተካሄደው ስኮትላንድ ሳይሆን ሉክሰምበርግ ውስጥ ነው። የካሜራው ባለሙያ ሳም መከርዲ ጫካውን ሰማያዊና እርጥብ አድርጎ አሳየው፤ የምስሉ ሻካራነትም ከወታደሮቹ ልብስ ጋር ይስማማል። በቅርብ ዓመታት በታደሰው ቅጂ ሳየው ጨለማው ጠርቷል፤ ከዛፎቹ መሀል ቀድሞ ያላየኋቸው ቅርጾች ወጥተዋል። ደስ ብሎኛል። ያ የቀድሞው ሻካራ ቅጂ ግን ይናፍቀኛል።

ማርሻል ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 «ዘ ዲሴንት»ን ሠራ፤ ያኛው ይበልጥ የተጣራ ፊልም እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ፣ እኔም አልከራከርም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የተከታታይ ድራማውን የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን «ብላክዋተር» ክፍል እንዲያዘጋጅ ተጠራ። ትልቅ ከበባ፣ ትልቅ ገንዘብ፣ መርከቡ ላይም ያው ሊያም ከኒንግሃም አለ። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሻል ካሜራውን ወታደሮች ወደሚጠጡበትና ወደሚዘፍኑበት ክፍል ይወስደዋል፤ ይቀላለዳሉ፣ ሊደባደቡ ይነሳሳሉ፣ ደወል ሲደወል ዝም ብለው ይወጣሉ። ያን ሳይ ዳይሬክተሩ ማን እንደሆነ ስሙን ማንበብ አላስፈለገኝም።