አንዱን ምረጥ ተባልኩ

ዛሬ ከሰዓት ዝም ብሎ ከበደኝ። አላመመኝም፣ ያስከፋኝ ሰውም የለም። ሐዋሳ እሁድ እሁድ አንዳንዴ እንዲህ ታደርጋለች፤ ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ብሎ አየሩን አፍኖ ይቀራል። ሐይቅ ዳር ልውጣ አልኩና ገና ከቤት ሳልወጣ ሰዉ በዛብኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጽሔት ማማረጥ ያዝኩ።

አሜሪካ ያለው ጓደኛዬ፣ ለልደትህ ምን ልላክልህ ብሎኝ ነበር። የእንጨት ሥራ መጽሔት አልኩት። ሳቀብኝ፣ ሳቀብኝና "በል አንዱን ምረጥ፣ የዓመቱን እከፍላለሁ" አለ። እኔ ከዚህ ልክፈል ብል በብር ካርድ የሚሞከር አይደለም። ዶላሩም ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዋጋውን ባልጠራው ይሻላል።

የታተመውን ላስመጣ ብል ፖስታ ሳጥን የለኝም። የመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ግን በዚያ ከመጣ እኔ ጋ እስኪደርስ ቢሮው ሁሉ አናጺ ይሆናል። በስልክ የሚነበበው ይበቃኛል።

ሰው ሁሉ የሚያነሳው ፋይን ውድወርኪንግን ነው። ፖል ሮማን የሚባል ሰው ከባለቤቱ ጋር በ1975 በእነሱ አቆጣጠር ኮነቲከት ውስጥ የጀመረው ነው። የመጀመሪያው እትም ጥቁርና ነጭ ነበር። አሁን ፎቶው ዓይን ያማልላል። ለእኔ ግን እንደ ሰው የሰርግ አልበም ነው፤ ታደንቅና መልሰህ ታስቀምጣለህ። ውድስሚዝ ደግሞ በ1979 አዮዋ ውስጥ ደ ሞይን ከተማ ተጀመረ። በሥዕል፣ በሥዕል፣ ይሄን ቁረጥ፣ ያንን አጣብቅ እያለ እጅህን ይዞ ይወስድሃል። ለብዙ ዓመታት ማስታወቂያ የሚባል ሳያትም መኖሩ ደግሞ በጣም እንዳከብረው አድርጎኛል። "ውድ" (እንጨት ማለት ነው) የሚባለው መጽሔትም የዚያችው ከተማ ልጅ ነው፣ የ1984። አንድ መለስተኛ ከተማ ሁለት የእንጨት መጽሔት! ምን ቢጠጡ ነው?

ፖፑላር ውድወርኪንግ ላይ ትንሽ ልቤ ሄዶ ነበር። ክሪስቶፈር ሽዋርዝ አዘጋጁ በነበረበት ጊዜ የእጅ መሣሪያን መልሶ ፋሽን ያደረገው እሱ ነው ይባላል። የድሮ እትሞቹን ሳይ አምናለሁ። ከሁሉም የሚቀርበኝ ግን ሜይን ውስጥ በእነሱ አቆጣጠር በ2016 የተጀመረው ሞርቲስ ኤንድ ተነን ነው። በዓመት ሁለቴ ብቻ ይወጣል። ሞተር የሚባል ነገር አያወራም፤ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ አለቀ። ሌሎቹ ግማሽ ገጻቸው ትልልቅ ማሽን ነው። ማሽኑን በተአምር ባገኘው እንኳ የእነሱ መብራት 120 ነው፣ የእኛ 220፣ እሱም ሲኖር። ደግሞስ የት ላቆመው? የእኔ ወርክሾፕ በረንዳው ነው። እሱም የጋራ ነው። ባለፈው ትንሽ ስልግ ጎረቤታችን እትዬ ከታች ሆነው "ልጄ፣ በርበሬዬ ላይ እኮ ነው!" ብለው ጮኹ። አስጥተውት ነበር ለካ።

እና አንዱ ላይ ስለ እንጨት ማበጥ የተጻፈ አገኘሁ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎኑ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ወደ ርዝመቱ ግን ለውጡ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ የጠረጴዛ ፊት ከእግሩ ጋር ድርቅ ተደርጎ አይታሰርም፤ የብሎኑ ቀዳዳ ሞላላ ይደረግና መንቀሳቀሻ ይተውለታል። የክፍሌ በር ትዝ አለኝ። ክረምት ትከሻዬን ካላስገባሁ አይዘጋም። በጋ ሲሆን በስንጥቁ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይታየኛል።

መጽሔቶቹ ግን ስለ ኦክ፣ ስለ ዎልነት፣ ስለ ቼሪ ነው የሚያወሩት። ስለ ዋንዛ አንድ መስመር የለም። እነሱ ምን ያውቃሉ? እኛ ነን መጻፍ የነበረብን።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እናንተው ፍረዱ። መጽሔት መሠረትኩ። በጭንቅላቴ።

የመጀመሪያው እትም ዋና ጽሑፍ "ዋንዛው ከየት መጣ?" ነው። ቀልድ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። እዚህ ሲዳማ ግን ዋንዛ የጓሮ ዛፍም ነው፤ ገበሬው ከእንሰቱና ከቡናው ጋር ያሳድገዋል። የትኛው ነው እንጨት ቤት የደረሰው? ጣውላውን ስንገዛ የምንጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው፤ እኔንም ጨምሮ።

ሁለተኛው ስለ ማድረቅ ነው። ፈረንጆቹ በአየር ለሚደርቅ ጣውላ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ያህል የሚል የቆየ ግምት አላቸው። እኛ ዘንድ ማክሰኞ የተሰነጠቀ እንጨት ለቅዳሜ ቁም ሳጥን ይሆናል። ከዚያ ቁም ሳጥኑ ሲጣመም ባለሙያው ይሰደባል። ሦስተኛው ስለ ባሕር ዛፍ፣ ለምን ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅና እንደሚጠማዘዝ። የአንባቢ ደብዳቤ ገጽም አለው። ደብዳቤዎቹን ራሴ ጻፍኳቸው፣ መልስም ሰጠሁ። አንዱ ላይ ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

ጋሼ ጋ ደወልኩ፣ የማውቀው አናጺ ነው። ሐሳቤን ነገርኩት። ከጀርባው የመጋዝ ድምፅ ይሰማል፣ እሁድ መሆኑን ረስቶታል። "ማን ያነበዋል?" አለኝ። "አናጺው ጊዜ የለው፣ ጊዜ ያለው መጋዝ የለው።" ሊዘጋው ሲል መልሶ "ስለ ኮላ ግን የሆነ ነገር ጻፍ፣ በዚህ ሰሞን የሚሸጠው ኮላ አይይዝም" አለ። አንድ ተባባሪ ጸሐፊ ተገኘ ማለት ነው።

ባለቤቴ ቡና ይዛ መጣችና ምን እያደረግህ ነው አለችኝ። ነገርኳት። "የመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያስ?" አለች። በሁለተኛው እትም ይወጣል አልኳት። አልሳቀችም።

አሁን የቀረኝ ከባዱ ነው። እንደ ውድስሚዝ ያለ ማስታወቂያ እንሂድ ብዬ ወስኜ ነበር፤ ዋና አዘጋጁም፣ ቦርዱም፣ ተመዝጋቢውም እኔ ስለሆንኩ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ከዚያ የወረቀት ዋጋ ትዝ አለኝና ውሳኔውን ሻርኩት። ግን የማንን ማስታወቂያ? በዚህ ሙያ ዙሪያ ለማስታወቂያ የሚሆን ገንዘብ ያላቸው የቺፑድና የኤምዲኤፍ፣ የዚያ ከእንጨት ፍርፋሪና ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ፣ አስመጪዎቹ ናቸው። በዋንዛ መጽሔት የጀርባ ገጽ ላይ የቺፑድ ማስታወቂያ ይወጣል እንዴ?