ከሳሹም ተከሳሹም እኔ

አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃችን ስልካቸውን ወደ እኔ አዙረው «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። ኢንተርኔት አቅራቢያችን የላከው ኢሜይል ነው። ከሰርቨራችሁ ስፓም፣ ማለትም ማንም ያልጠየቀው የጅምላ ኢሜይል፣ ይወጣል የሚል አቤቱታ ደርሶናል፣ ካላስተካከላችሁ መስመሩን እንዘጋለን ይላል። ሰርቨሩን የምይዘው እኔ ነኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ቫይረስ ገብቶ ይሆናል ብዬ ሎጉን፣ የሰርቨሩን የሥራ መዝገብ፣ ሳገላብጥ አረፈድኩ። ምንም የለም። ከምሳ በኋላ ነው አቤቱታው ላይ የተያያዘውን መልእክት ልብ ብዬ ያየሁት። ያ «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚለው! ዓርብ ዕለት እኔው ራሴ ለስፓምኮፕ፣ የስፓም አቤቱታ ተቀብሎ ለሚያስተላልፈው አገልግሎት፣ ያመለከትኩት።

የስፓም ማጣሪያችን ስፓምአሳሲን የሚባል ፕሮግራም ነው። ለእያንዳንዱ መልእክት ነጥብ ይሰጣል፤ ካልነካካነው 5 ሲሞላ ስፓም ነው ይላል። ሠራተኛው ያጠራቀመውን ስፓም ደግሞ ይኸው ፕሮግራም በአንዲት ትእዛዝ ለስፓምኮፕ ያደርስልኛል። ስፓምኮፕ የመልእክቱን ሄደር፣ ማለትም በየትኞቹ ሰርቨሮች እንዳለፈ የሚናገሩትን መስመሮች፣ ከላይ ወደ ታች አንብቦ የላኪውን አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ይፈልጋል። ከዚያ እንዳረጋግጥ ሊንክ ይልክልኛል። ሳረጋግጥ አቤቱታው አይፒውን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ይሄዳል።

የእኛ ኢሜይል ደግሞ በሁለት ሰርቨር ነው የሚያልፈው። ከውጭ የመጣውን አንዱ ተቀብሎ ለውስጠኛው ያቀብላል። ስፓምኮፕ ላይ የራስን ሰርቨሮች ማስመዝገቢያ አለ፤ ሜይልሆስት ይሉታል። አልሞላሁትም። ከታች ያሉትን የሄደር መስመሮች ስፓም ላኪዎች ስለሚፈበርኳቸው፣ ስፓምኮፕ የማያውቀውን ሰርቨር ቃል አያምንም። ስለዚህ አቀባዩን ሰርቨራችንን ላኪ አድርጎ ያዘው። ፖስተኛውን «ደብዳቤውን የጻፍከው አንተ ነህ» እንደማለት።

ደብቆኝ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሊንኩን ስከፍተው አይፒያችን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። እኔ ግን ሁለት ቀን ያለፈውን ስፓም አይቀበልም ብዬ በችኮላ፣ በአንድ እጄ ማኪያቶ ይዤ፣ ላክ፣ ላክ፣ ላክ።

ደግነቱ ብላክሊስት፣ የስፓም ላኪዎች ጥቁር መዝገብ፣ ውስጥ አልገባንም። ገብተን ቢሆን የፋይናንስ ክፍል ኢሜይል ሁሉ እየተመለሰ ጉድ ይፈላ ነበር። ሜይልሆስቱን ያን ዕለት ሞላሁት፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

የከበደኝ ለአቅራቢው መልስ መጻፉ ነው። «አመልካቹ እኛው ነን» የሚለውን በደብዳቤ ወግ እንዴት ነው የሚጽፉት? ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁ። አለቃችን ከኋላዬ ቆመው አነበቡና «በል ላከው» አሉ። እጄ ማውሱ ላይ ሲደርስ፦

«ቆይ፣ ይሄንንስ አንብበኸዋል?»