ካኖን ጂ9 ላይ የማቅረቢያ ሌንስ መግጠም፦ ጣጣው ያለው ቀለበቱ ላይ ነው

የጂ9 ካሜራ ሌንስ አይፈታም፤ የሚደርሰው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ ስሌት እስከ 210 ሚሊሜትር ነው። ጅማ ላለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይበቃል፣ እዚያው ቦዬ ረግረግ ላይ ለቆመ ወፍ ግን አይበቃም። ከፊቱ 1.7 እጥፍ የሚያቀርበውን ኦሊምፐስ ቲኮን-17 ገጥሜ 357 አድርሼዋለሁ፤ ብርሃንም አይበላም። መመሪያው የካኖንን ብቻ ግጠሙ ይላል። አልስማማም፤ የቲኮን መስታወት ጥሩ ነው። ርካሾቹን «2 እጥፍ» ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ ዳር ዳሩን ያደበዝዛሉ።

በሌንሱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ቁልፉን ተጭኖ ማውጣት፣ በቦታው የ58 ሚሊሜትር ቱቦ ማስገባት። ቱቦው የሚያርፈው የካሜራው አካል ላይ ስለሆነ ወጣ ገባ የሚለው ሌንስ ክብደት አይሸከምም።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። የቱቦው ጥርስ ስፋት 58፣ የቲኮን 55 ሚሊሜትር ነው። የሚያስፈልገው ቀለበት በውጭ 58፣ በውስጥ 55 ጥርስ ያለው ነው። ሻጩ «ያው ነው» ብሎ የላከልኝ ተገላቢጦሹን ነበር፤ ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፣ ቀለበቱ ግን የትም አይገባም። እስካሁን ያናድደኛል። ስታዝዙ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የቱ በውጭ፣ የቱ በውስጥ እንደሆነ ጻፉ።

ጅማ ውስጥ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽም ይቻላል፤ ነገር ግን የጥርሱ ርቀት 0.75 ሚሊሜትር መሆኑን አስረግጣችሁ ተናገሩ። ዝም ካላችሁ በ1 ሚሊሜትር ይቆርጡታል። እንዲህ ያለው ቀለበት መጀመሪያ የሚገባ ይመስላል፣ ከዚያ ይነክሳል። በጉልበት ሲጠበቅ የቱቦውን ጥርስ ይልጣል፤ ማቅረቢያውም ዘሞ ይቀመጥና የፎቶው አንድ ጎን ይደበዝዛል። ሰው ትኩረቱ የሳተ መስሎት ካሜራውን ይወቅሳል። ለማረጋገጥ የቆርቆሮ አጥርን ፊት ለፊት አንሥታችሁ አራቱን ማዕዘን አስተያዩ። አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ቀለበቱ ነሐስ ይሁን፤ ውስጡም የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ይቀባ፣ አለዚያ ነጸብራቁ ፎቶውን ያነጣዋል።

ስታነሡ ዙሙን እስከ መጨረሻው ውሰዱ፤ ሰፊው ላይ ክብ ጥቁር ጥላ ይመጣል። ፍላሽ አጥፉ፣ ቱቦው ይጋርደዋል። በእጅ ከሆነ ከ1/350 ሰከንድ አትውረዱ፤ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ማንቀጥቀጥ መከላከያውን አጥፍታችሁ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ አንሡ። ሰማይ ላይ ያለ ቅርንጫፍ ወይን ጠጅ ጠርዝ ካወጣ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ወደ f/5.6 አጥብቡ፤ እስከ መጨረሻው f/8 ግን አትሂዱ፣ ፎቶው ይለሰልሳል። ጉሬዛ ሲሆን ጥቁሩ ጸጉር የካሜራውን የብርሃን መለኪያ ያታልለውና ነጩ ይቃጠላል፤ የብርሃን ማካካሻውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት።