ሚጋስ ያደረ ዳቦ ይፈልጋል

ስፔን ውስጥ ከተረፈ ዳቦ የሚዘጋጁ ምግቦች ብዙ ናቸው። በዐቢይ ጾም ወራት በየኬክ ቤቱ የሚደረደረው፣ ወተት ጠጥቶ የሚጠበሰው ቶሪሃ፣ የካስቲያ ሰዎች ብርድ የሚከላከሉበት የነጭ ሽንኩርት ሾርባ፣ በሙቀት ወራት ቀዝቅዞ የሚቀርበው ሳልሞሬሆ የተባለው የኮርዶባ የቲማቲም ሾርባ ሁሉም መነሻቸው ያደረ ዳቦ ነው። እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምወደው፣ ያደረ ዳቦ ርሶ ምጣድ ላይ እየተማሰለ የሚሠራውን ፍርፍር፣ ሚጋስን ነው፤ በሌሎቹ ውስጥ ዳቦው ወተቱን፣ መረቁን ወይም ቲማቲሙን ሲያገለግል፣ በሚጋስ ውስጥ ምግቡ ራሱ ዳቦው ነው።

ስለ ሚጋስ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ድህነት የወለደው የቁጠባ ምግብ መሆኑን ያነሣሉ። እውነት ነው፤ መሬት የወደቀ ዳቦ አንሥቶ መሳም በብዙ ቤት ልማድ በነበረበት፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱም በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1939 እስከ 1952 ዓ.ም. ምግብ በራሽን ካርድ ይታደል በነበረበት አገር ዳቦ መጣል የሚታሰብ አልነበረም። ይሁን እንጂ ነገሩን በችግር ብቻ ማስረዳት ምግቡን ያሳንሰዋል ብዬ አምናለሁ። ትኩስ ዳቦ ቢትረፈረፍም እንኳ ሚጋስ ሊሆን አይችልም፤ ውኃ ሲነካው ይላቁጣል፣ ምጣድ ላይ ሲወጣም ተያይዞ ወደ ሊጥነት ይመለሳል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባቲስት ቡሳንጎ በ1852 እንዳሳየው፣ ዳቦ እርጥበቱ እንዳይወጣ ታሽጎ ቢቀመጥ እንኳ ማርጀቱ አይቀርም፤ ምክንያቱም በምድጃው ሙቀት ያበጠውና የለሰለሰው ስታርች ሲቀዘቅዝ ቀስ በቀስ መልሶ ይጠነክራል። ሚጋስ የሚፈልገው ይህን ጥንካሬ ነው፤ ያደረው ዳቦ ውኃውን ይጠጣል እንጂ አይፈርስም።

አሠራሩን የተማርኩት ከምዕራብ ስፔኗ ኤክስትሬማዱራ፣ ከካሴሬስ አውራጃ ከመጡት አረጋዊት ጎረቤቴ ነው። ቅርፊቱ ወፍራም የሆነ ትልቅ ክብ ዳቦ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ካሳደሩ በኋላ በቢላዋ በስሱ ይከትፉታል፤ ከዚያም ማታ ጨው የሟሟበትን ውኃ በጣታቸው እየረጩ፣ ከላይ ያለውን ወደ ታች እያገላበጡ፣ ሁሉም እኩል እንዲርስ አድርገው በጨርቅ ሸፍነው ያሳድሩታል። ውኃው ይረጫል እንጂ አይፈስስም፤ ምግቡ የሚበላሸውም ሆነ የሚሰምረው እዚህ ላይ ነው ይላሉ፣ እኔም እስማማለሁ። ጠዋት በወይራ ዘይት ውስጥ ከነልጣጩ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይጠበስና ይወጣል፤ የአሳማ ሥጋውና ቾሪዞ የሚባለው ቋሊማም እንዲሁ ተጠብሰው ስባቸውን ትተው ይወጣሉ። ምጣዱ ከእሳት ሲነሣ ቀዩ የበርበሬ ዱቄት ይጨመራል፤ እሳት ላይ እንዳለ ከተጨመረ አርሮ ይመርራልና። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማማሰል ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓትም ሆነ ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ዳቦው በመጀመሪያ ይከብዳል፣ ይጣበቃል፣ በኋላም በማማሰያው ጠርዝ እየተከተፈ እየተገላበጠ ሲሄድ እርስ በርሱ ይላቀቅና ውጩ ጠብሰቅ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ ፍርፍር ይሆናል። ለስንቅ ከደረቀ በኋላ በወጥ ርሶ ነፍስ የሚዘራውን ድርቆሽ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምግብ እንግዳ አይሆንበትም።

ስንቅነቱም እውነተኛ ታሪኩ ነው። ንጉሥ አልፎንሶ አሥረኛ በ1273 እውቅና የሰጠውና እስከ 1836 የቆየው የበግ አርቢዎች ማኅበር፣ ላ ሜስታ፣ መንጎቹን በሰሜን ስፔን ካሉት የሌዮንና የሶሪያ (Soria) አውራጃዎች ተራሮች ወደ ኤክስትሬማዱራ የብርድ ወራት ግጦሽ የሚያወርዱ እረኞችን መብት ያስከብር ነበር። 75 ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው የንጉሥ የከብት መንገዶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የሚጓዝ ሰው በከረጢቱ የሚይዘው ዳቦ ማደሩ የማይቀር ነበር። ሲበሉም ምጣዱን ከበው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ይወስድና ሌላው እንዲደርሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ይህን ሥርዓት ጎረቤቴ ዛሬም ያስከብራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በሳህን ከፋፍሎ ማቅረብ አይዋጥላቸውም።

የእረኞቹ ጥንታዊ ሚጋስ ግን ቀይ ሊሆን አይችልም ነበር፤ በርበሬ ወደ ስፔን የገባው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነውና። ዛሬ የምግቡን መዓዛ የሚሰጠው፣ በካሴሬስ አውራጃ ከሚገኘው ከላ ቬራ የሚመጣው በርበሬ በባሉጥ እንጨት ጭስ ለሁለት ሳምንት ያህል በእጅ እየተገላበጠ የሚደርቅ ነው። ዝናብ ብርቅ በሆነበት በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ በአልሜሪያ ደግሞ ዝናብ የጣለ ቀን ከስንዴ ዱቄት የሚሠራ ሚጋስ ይበላል፤ ከተጠበሰ ሰርዲን ጋርም ይቀርባል።

እኔ የአሳማ ሥጋ ስለማልበላ በወይራ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በተጠበሰ ቃሪያና በላ ቬራ በርበሬ ብቻ እሠራዋለሁ፤ በጾም ቀንም እንዲሁ ይሆናል። ጎረቤቴ ይህን ሲያዩ አልተቀየሙም፤ ሥጋ ባልነበረበት ጊዜ እናታቸውም እንዲህ ይሠሩ እንደነበር ነገሩኝ። አጥብቀው ያሳሰቡኝ የወይን ፍሬ እንዳልረሳ ነው። ጨዋማውንና ዘይታማውን ፍርፍር ከቀዝቃዛ የወይን ፍሬ ጋር አፈራርቆ መብላት ለእኔ ከሥጋው ይልቅ የምግቡ ሙሉነት ነው።

የሚያሳስበኝ የዳቦው ጉዳይ ነው። በ2019 የወጣው የስፔን የዳቦ ጥራት ደንብ ተራውን ዳቦ በተጋገረ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚበላ ብሎ ይገልጸዋል፤ ሚጋስ የሚጀምረው ግን ከዚያ ሰዓት በኋላ ነው። ተቆራርጦ ታሽጎ የሚሸጠው ዳቦ ለቀናት እንዳይጠነክር ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ውኃ ሲረጭበት ይፈርሳል፤ ቀጭኑ የሱፐርማርኬት ዳቦም በማግስቱ እንደ ጎማ ይለጠጣል እንጂ በቢላዋ አይከተፍም። ስለዚህ ለቅዳሜ የሚሆነኝን በእርሾ ቀስ ብሎ የቦካ ከባድ ዳቦ ሐሙስ ዕለት እገዛለሁ፤ ሻጩ ትኩስ መሆኑን ሊያረጋግጥልኝ ሲሞክርም የትናንቱ ካለ እሱን እንዲሰጠኝ እጠይቀዋለሁ።