«2017» እያለ የሸወደኝ ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ዓመቱ 2017 ነው ይል ነበር። እኛም ሰኔ 2017 ላይ ነበርን። ታዲያ ምኑን ልጠርጥር?

የቤታችን ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ ነው። ልጄ የትምህርት ቤት ሥራዋን ትጽፍበታለች፣ እኔ የዕቁባችንን ሒሳብ በኤክሴል እይዝበታለሁ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ አፕዴት አላደርግም አለ። አፕዴት ፈልግ ስለው ትንሽ ይዞርና የስህተት ቁጥር ይዞ ይመለሳል፦ 0ኤክስ80072ኤፍ8ኤፍ።

ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ላጣራ ሲገባኝ እጄ ቀደመኝ። አፕዴት እምቢ ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚመክረው አንድ ነገር አለ፤ የአፕዴት አገልግሎቱን ማቆም፣ ከዚያ ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን» የተባለ ፎልደር ስሙን መቀየር። የወረዱ አፕዴቶች የሚቀመጡት እዚያ ስለሆነ፣ የወረደው ፋይል ተበላሽቶ ከሆነ ዊንዶውስ አዲስ ፎልደር ፈጥሮ እንደገና ይጀምራል። እኔም መብራት ሲጠፋ ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ቀየርኩት። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ከስልኬ ሆትስፖት ላይ በስንት መከራ በግማሽ የወረደውን አፕዴት ማጣት ነው። ስህተቱ እንዳለ ነው።

ቀጥሎ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት የሲስተም ፋይሎችን የሚፈትሸውን ኤስኤፍሲ ስካንናውን አስኬድኩ፤ የተበላሸ የሲስተም ፋይል የለም አለኝ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ የተበላሸ የዊንዶውስ ፋይል የሚተካውን ዲአይኤስኤም የሚባል ትእዛዝ ጨመርኩ፣ እሱም ወደቀ። በኋላ ነው የገባኝ፦ ዲአይኤስኤም የሚተካውን ፋይል የሚያመጣው ከዚያው ከአፕዴት ሰርቨር ነው። ደጅ የተዘጋበትን ሰው መልሼ ወደዚያው ደጅ ልኬዋለሁ ማለት ነው።

ብሮውዘሩም ድረ ገጽ ስከፍት «ግንኙነትህ አስተማማኝ አይደለም» ይለኝ ነበር። ያንን ደግሞ ኔትወርክ ነው ብዬ አለፍኩት። እኛ አገር ኔትወርክ ላይ ማሳበብ ቀላል ነው።

ነገሩን የፈታችው ልጄ ናት፤ እሷም ሳታስበው። «አባዬ፣ ትናንት ሴቭ ያደረግኩት አሳይመንት የለም» አለች፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ፎልደሩን ከፈትኩ። ፋይሎቹ በቀን ተደርድረዋል፣ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች። የትናንቱ አሳይመንት የት ቢገኝ ጥሩ ነው? ከሁሉም በታች፣ የ2018 እና የ2019 የፈረንጅ ዓመት ፎቶዎች ሥር። ቀኑ 1/2/2017 ይላል።

ያኔ ነው አንጎሌ የበራው። ኮምፒውተሩ ሲቆጥር የኖረው በፈረንጅ ነው፤ 2017 የሚለው የኛን 2017 ሳይሆን ጃንዋሪ 2017ን ነው። እውነተኛው ቀን ጁን 2025 ነበር። ከስምንት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ቁጭ ብሏል፤ እኔ ግን ዓይኔ ዓመቷ ላይ ሲያርፍ ደህና ነው እያልኩ አልፋለሁ። ሰዓቱማ ትክክል ነበር። ልጄን ስጠይቃት «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሲነሳ ኤፍ1 ተጫኚ ይለኛል፣ እጫናለሁ። ሰዓቱ ሲዛባ ደግሞ አስተካክላለሁ» አለች። ቀኑንስ? «2017 ይላል እኮ!» ምን እላታለሁ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ።

አፕዴቱ እምቢ ያለበት ምክንያትም ይኸው ነው። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፍኬት እንደ መታወቂያ ነው፤ የተሰጠበትም የሚያልቅበትም ቀን አለው። በጃንዋሪ 2017 ለሚኖር ኮምፒውተር በ2025 የተሰጠ መታወቂያ ገና ያልታተመ ወረቀት ነው። አያምነውም፤ ግንኙነቱን ያቋርጣል።

ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ የሚያደርገው ማብሪያ ደግሞ በርቶ ነበር። ለምን አላረመውም? የዊንዶውስ የሰዓት አገልግሎት በቤት ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ካለፈ በራሱ እንዳያርም ሆኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቀኑን በእጄ አስገባሁ። የሰዓት ቀጠናው ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን የምትፈልጉ አትድከሙ፣ ናይሮቢ የሚለው ነው የኛ። ከዚያ አፕዴቱን ስጫነው፣ ያ ሁሉ ቀን ያስጨነቀኝ ነገር፣ ዝም ብሎ ማውረድ ጀመረ።

ደስታዬ የቆየው መብራት እስኪጠፋ ነው። ሲመጣ ተመልሶ ጃንዋሪ 1፣ 2017።

እናትቦርዱ (ማዘርቦርዱ) ላይ ሲአር2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ሲለይ ሰዓቱን ማስቀጠል ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስከተሰካ ድረስ ሰዓቱ ከሶኬቱ ኃይል ያገኛል፤ ባትሪዋ መሞቷ የሚታወቀው መብራት ሲሄድ ወይም ዲቫይደሩ ሲነቀል ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሰው መስሎኝ «አንዳንዴ ይነሳበታል» እል ነበር።

ገመዱን ነቅዬ፣ የጎን ክዳኑን ፈትቼ፣ የኮምፒውተሩን ሳጥን ብረት ነካ አድርጌ (የሰውነት ኤሌክትሪክ ቦርዱን እንዳይጎዳ)፣ መያዣዋን በጥፍሬ ገፋ ሳደርግ ባትሪዋ ብድግ አለች። ሰፈራችን ያለው ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኳት። «ለመኪና ቁልፍ ነው?» አለኝ፤ ብዙ ሰው ለዚያ ይገዛታል። በመለኪያ አየልኝ፣ 3 ቮልት ሊኖራት የሚገባት 2 ላይ ናት። አዲሷን ለማግኘት የከፈልኩት ለዚያ የከንቱ ዳታ ካወጣሁት ያነሰ ነው። የመደመር ምልክቱን ወደ ላይ አድርጌ ከተትኳት፣ ሲነሳ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብቼ ቀኑን በፈረንጅ ሞላሁ።

ማታ ዲቫይደሩን ነቅዬ ተኛሁ። ጠዋት ልጄ ቀድማኝ ከፍታው ነበር። ኤፍ1 አልጠየቃትም። «አባዬ፣ አሁንም ተበላሽቷል፣ 9፡20 ይላል» ብላ ጠራችኝ። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል። እንዳትነኪው አልኳት።